ልጃቸውን ይዘው የወጡት አባት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ «ሴት ልጅ እንዴት ያን ያህል ርቃ ትሄዳለች?» የሚል አባት በየሰፈራችን አለ። ስጋቱን አልንቅም፤ አስተማሪ ነኝና ብዙ ሰምቻለሁ። ግን የከሪማ ቢንት አሕመድን አባት ያስታውሷል።

እኚህ ሰው የመርው አካባቢ (የዛሬዋ ቱርክሜኒስታን) ተወላጅ ነበሩ። ልጃቸውን ይዘው እስከ በይተል መቅዲስ ተጓዙ፤ ከዚያም ወደ መካ መለሷቸው። ከሪማ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን የተቀበሉት ከአል-ኩሽሚሃኒ ነው፤ በእርሳቸውና በኢማም ቡኻሪ መካከል ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የባግዳዱ ዓሊም አል-ኸጢብ ለሐጅ መጥተው ያንን ግዙፍ ኪታብ በ5 ቀን ያነበቡት በእርሳቸው ፊት ነው። አንድ ተማሪ 7 ቅጠል ገልብጦ ብቻውን ሊያመሳክር ቢጠይቅ «ከእኔ ጋር ካልሆነ አይሆንም» አሉት። (እኛ ግን የተማሪን ደብተር በጨረፍታ አይተን እናልፋለን!) በ463 ዓመተ ሂጅራ መካ ላይ አረፉ፤ ረሒመሃላህ።

ታዲያ ስጋት ያለበት አባት ልጁን ራሱ ያድርሳት። ማደሪያዋን ይይ፤ መስጂዱ የት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ቀድመው ከገቡት እህቶች ጀመዓ ጋር ያስተዋውቃት።