አሮጌው ፎቶግራፍ በአዲሱ ገበያ

በኢንተርኔት የምስል ገበያዎች የቤተሰብ ፎቶግራፍም ይሸጣል። ከአያቶቻችን ሣጥን 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አወጣን እንበል። በኢንች 600 ነጥብ በሚያነብ ስካነር ብንገለብጠው 3 ሚሊዮን ያህል ፒክስል እናገኛለን፤ ሹተርስቶክ የተባለው ገበያ ግን ቢያንስ 4 ሚሊዮን ይጠይቃል። ንባቡን ወደ 1200 ብናሳድገው ፒክስሉ በአራት ተባዝቶ 12 ሚሊዮን ይሆናል። ይሁን እንጂ ጥቃቅኖቹ የብር ቅንጣቶች በወረቀቱ ላይ ያልጻፉትን ዝርዝር ስካነር አይፈጥርም።

ከፊዚክሱ ባሻገር ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27፣ በመርህ ደረጃ፣ የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረትም የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት የተጠበቀ ነው። እንግዲህ ፒክስሉን ከመቁጠራችን በፊት እናቶቻችንን እንጠይቅ፦ ይህች ሴት ማን ናት? ያነሣትስ ማን ነው?