«ኬፒ 9» ስለ አዲስ አበባ ሰማይ የሚናገረው ጥቂት ነው

«ኃይለኛ የመግነጢስ ማዕበል ስለሚመጣ ሬዲዮ ይቋረጣል፣ ስልካችሁን አጥፉ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በቴሌግራም ቻናሎች ላይ እንደገና መዘዋወሩ፣ ይባስ ብሎም የሙያ ኃላፊነት ባላቸው ሰዎች ጭምር ሳይመረመር መተላለፉ፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ጠባይ የሚያውቅን ባለሙያ ቢያስቆጣ አይፈረድበትም። የእጅ ስልክ በአቅራቢያው ካለ ማማ ጋር በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚነጋገር፣ ከማማው ወዲያ ደግሞ በአብዛኛው በፋይበር ገመድ የሚሄድ መሣሪያ በመሆኑ በማዕበል ቀን ማጥፋቱ ባትሪ ከመቆጠብ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ኤፍኤም ሬዲዮም ከአናት በላይ ባለው፣ አዮኖስፌር በሚባለው ኤሌክትሮኖች የበዙበት የአየር ክፍል ላይ አይመካም። በአዮኖስፌር ላይ የሚመካው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው አጭር ሞገድ ነው፤ አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተሮች በ100 ዋት ኃይልና በአንድ ሽቦ አንቴና ከአህጉር አህጉር የሚነጋገሩትም በዚሁ ነው። መልእክቱ ስለ እነርሱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚከተሉትን ነጥቦች መለየት ነበረበት።

1. ፍላር። በፀሐይ ገጽ ላይ የታመቀ መግነጢሳዊ ኃይል በድንገት ሲለቀቅ የሚፈነጥቀው ኤክስሬይ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ በ8 ደቂቃ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ እንደደረሰም ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የአዮኖስፌር የታችኛው ንብርብር፣ «ዲ» በሚባለው፣ የኤሌክትሮኖችን ብዛት ከወትሮው እጅግ ያንረዋል። ይህ ንብርብር ሞገድን ከመመለስ ይልቅ ይውጣል፤ የሚውጠውም ድግግሞሹ ባነሰ መጠን አብልጦ ስለሆነ የ3.5 እና የ7 ሜጋኸርዝ ባንዶች ቀድመው ሲጠፉ 28 ሜጋኸርዝ መጨረሻ ላይ ተጎድቶ መጀመሪያ ያገግማል። ጉዳቱ የሚደርሰው ቀን በሆነበት የመሬት ክፍል ብቻ ነው፣ ከደቂቃዎች እስከ አንድና ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ፀሐይ ወደ አናት በቀረበች ቁጥርም ይበረታል፤ በዚህም ምክንያት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ኦፕሬተር በዚያው ቅጽበት ኖርዌይ ካለው ባልደረባው ይልቅ በፍላር ይመታል። ይህ ዓይነቱ መቋረጥ የሚለካው ከአር1 እስከ አር5 ባለው ደረጃ ነው።

2. የመሬት መግነጢስ ማዕበል። ይህ የሚመጣው በጨረር ሳይሆን በቁስ ነው፤ ከፀሐይ ኮሮና ተነቅሎ የሚወጣ በቢሊዮን ቶን የሚገመት የፕላዝማ ደመና ሲፈጥን ከ15 እስከ 18 ሰዓት፣ ሲዘገይ ደግሞ ቀናት ፈጅቶ መሬት ይደርሳል። ደመናው ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ከሆነ ከመሬት መስክ ጋር ተገናኝቶ ኃይሉን ወደ ዋልታ አካባቢ ሰማይ ያስገባል፤ በዚያ ያለው የላይኛው አየር ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ በናይትሮጅን ሞለኪውሎች የበለጸገ አየርም ወደ መካከለኛው ኬክሮስ ይነፍሳል። ናይትሮጅን በበዛበት ከፍታ የተነጠሉ ኤሌክትሮኖች ቶሎ ስለሚጠፉ ረጅም ርቀት የሚያስኬደው የ«ኤፍ» ንብርብር ይሳሳል፤ ከፍተኛው ጠቃሚ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሁለት ቦታዎች መካከል ከሰማይ ታጥፎ ሊመለስ የሚችለው የመጨረሻው ድግግሞሽ፣ ይወርዳል። ስለዚህ በማዕበል ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጉት 28፣ 24 እና 21 ሜጋኸርዝ ሲሆኑ 7 ሜጋኸርዝ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ደረጃው ከጂ1 እስከ ጂ5 ነው።

ሁለቱን ማምታታት የቃላት ጉዳይ አይደለም፤ መፍትሔያቸው ተቃራኒ ነው። በፍላር የተመታ ኦፕሬተር ወደ ከፍተኛ ባንድ መውጣት፣ በማዕበል የተመታው ደግሞ ወደ ዝቅተኛ ባንድ መውረድ አለበት፤ «ሬዲዮ ይቋረጣል» ብሎ ማለፍ ትኩሳት ስላለ ብቻ ወባንና ታይፎይድን በአንድ ክኒን ለማከም እንደመሞከር ነው።

ልዩነቱ ሕይወትን የሚመለከት መሆኑን ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017) በግልጽ አሳይቷል። በዚያን ዕለት ኢርማ የተባለው ምድብ 5 አውሎ ነፋስ በካሪቢያን ደሴቶች ላይ እያለፈ፣ አማተር ኦፕሬተሮችም በ14.325 ሜጋኸርዝ ላይ የአደጋ መረብ ዘርግተው እያለ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ በካሪቢያን ጠዋት፣ ኤክስ9.3 የተመዘገበ ፍላር ፈነዳ። የካሪቢያን አጭር ሞገድ ሬዲዮ ለሰዓታት ታወከ። ከዚሁ ፍንዳታ ጋር የወጣው የፕላዝማ ደመና የቀሰቀሰው ጂ4 ማዕበል ግን የደረሰው ቀን ተኩል ያህል ቆይቶ ነበር። ፍላሩ ሲታይ «ማዕበል መጣ» ብሎ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን ጉዳት ምክንያቱን ስቶታል፣ ሁለተኛው እንደሚከተል ደግሞ አልተናገረም፤ ለሁለተኛው ለመዘጋጀት ግን ከአንድ ቀን በላይ ጊዜ ነበር።

3. ኬፒ። የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ይህ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ የሚጠቅሱት «ኬፒ» የተባለው መለኪያ ጀርመናዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ዩሊየስ ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቀው፣ በየ3 ሰዓቱ ከ0 እስከ 9 የሚሰላ ቁጥር ነው። የሚሰላውም ከ13 የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያዎች መረጃ ሲሆን ጣቢያዎቹ የተመረጡት በግምት ከ44 እስከ 60 ዲግሪ በሚደርስ መግነጢሳዊ ኬክሮስ፣ የዋልታ ብርሃን ከሚታይበት ቀጠና ዝቅ ብሎ ካለው አካባቢ ነው። ከ13ቱ አንዱም በመግነጢሳዊ የምድር ወገብ ላይ የለም። በተጨማሪም ኬፒ የሚለካው የመግነጢስ መስክን መናወጥ ነው፤ የአዮኖስፌርን የኤሌክትሮን ብዛት አይለካም፣ ስለ ባንድ አይናገርም፣ ቀን ይሁን ሌሊት አይለይም። ይህን ቁጥር ወስዶ፣ በቀይ ቀለም አቅልሞ፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ ሬዲዮ አይሠራም» ብሎ መለጠፍ የበርሊንን የዝናብ መለኪያ አንብቦ ለደብረ ብርሃን ገበሬ የአዝመራ ምክር ከመስጠት ብዙም አይሻልም።

መግነጢሳዊ የምድር ወገብ፣ ማለትም የመሬት መግነጢስ መስመሮች አግድም የሚተኙበት መስመር፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። የካናዳው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ሲያቋቁሙ ቦታውን ለሳይንስ ተፈላጊ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን የሚኖረው ወደ ምሥራቅ ያመራ የኤሌክትሪክ መስክ ፕላዝማን ወደ ላይ ያነሣል፤ የተነሣው ፕላዝማም በመግነጢስ መስመሮቹ ላይ ተንሸራቶ ከመስመሩ በስተሰሜንና በስተደቡብ 15 ዲግሪ አካባቢ ይከማቻል። ከኢትዮጵያ አንጻር ሰሜናዊው ክምችት በላይኛው ግብፅና በሰሜን ቀይ ባሕር፣ ደቡባዊው ደግሞ በታንዛኒያ ሰማይ ላይ ይውላል። በ50 ሜጋኸርዝ ላይ የምድር ወገብን ዘልሎ የሚደረገው ግንኙነት በእነዚህ ሁለት ክምችቶች የሚቻል ሲሆን ክስተቱን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1947 ያስተዋሉት አማተር ኦፕሬተሮች ነበሩ።

ማዕበል ይህን ሥርዓት በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይነካዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከዋልታ አካባቢ ዘልቆ የሚገባ የኤሌክትሪክ መስክ ቀን ላይ ወይም ጀንበር ስትጠልቅ ሲያጋጥም ማንሣቱን ያበረታዋል፤ ክምችቶቹ ወደ ዋልታዎቹ ይሸሻሉ፣ ከኢትዮጵያ አናት በላይ ያለው ንብርብር ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ ማምሻውን የሚፈጠሩት የፕላዝማ አረፋዎችም ሞገዱን እያንቀጠቀጡ ድምፅን ሊያበላሹና የጂፒኤስን ንባብ ሊያናጉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ግን በዋልታ የሞቀው አየር የሚቀሰቅሰው ነፋስ ተቃራኒ መስክ ይፈጥርና ማንሣቱን ያዳክማል፤ የኢትዮጵያ ሰማይ ኤሌክትሮን ይበዛለታል፣ የማምሻው መንቀጥቀጥም ሊጠፋ ይችላል። ይኸውም ኬፒ ከፍ ብሎ በታየ ማግስት የአዲስ አበባው ኦፕሬተር ከወትሮው የጠራ ምሽት ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው፤ በማስጠንቀቂያው ምክንያት ሬዲዮውን ካላጠፋ።

4. መንገዱ (ከ2 ጋር የሚነበብ)። ሞገድ በመሬት ክብ ላይ በአጭሩ መስመር ስለሚሄድ ጉዳቱን የሚወስነው ኦፕሬተሩ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ሳይሆን መስመሩ የሚያልፍበት ሰማይም ነው። ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለው ርቀት 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በ«ኤፍ» ንብርብር አንድ ዝላይ ይበቃዋል፣ ወደ ዋልታ ቀጠናም አይጠጋም። ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሄደው መስመር ደቡብ አውሮፓንና ሰሜን አትላንቲክን ሲያቋርጥ እስከ 44 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል፤ ማዕበል ይነካዋል፣ ግን ሁልጊዜ አይዘጋውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ሲያትል የሚሄደው ግን እስከ 75 ዲግሪ ሰሜን ወጥቶ የዋልታ ብርሃንን ቀጠና ስለሚሰነጥቅ መካከለኛ ማዕበል እንኳ ሊቆርጠው ይችላል። አንድ ቀን፣ አንድ ኬፒ፣ አንድ አንቴና፤ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች።

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2024) የመጣው ማዕበል ጂ5 ደረጃ የደረሰ ሲሆን ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ነበር። የዋልታ ብርሃን እስከ ሜክሲኮ ታየ፤ በየገጹም የሐምራዊ ሰማይ ፎቶግራፎች ጎረፉ። ደመናው መሬትን የመታው በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነበር፤ ለኢትዮጵያ አዮኖስፌር ወሳኙ መረጃም ይኸው ሰዓት ነበር። በአማርኛ ሲዘዋወሩ የነበሩት ልጥፎች ግን በአብዛኛው ፎቶግራፉንና ቁጥሩን ይዘው ሰዓቱን ትተውታል።

እዚህ ላይ ስለ መሥሪያ ቤቶች ዝም ማለት አይቻልም። በውጭ አገር የተዘጋጀን ሥዕል ማኅተም አትሞበት እንደ ራስ መግለጫ ማውጣት፣ «ባለሙያዎች እንዳሉት» ብሎ ባለሙያውን አለመጥቀስ፣ ለሕዝብ ሲነገር አደጋውን አግንኖ ለኦፕሬተር የሚጠቅመውን ባንድና ሰዓት መተው እንደ ሥራ ሊቆጠር አይገባም። በመግነጢሳዊ የምድር ወገብ ላይ የተቀመጠች አገር የራሷን ሰማይ ከሩቅ ኬክሮስ መረጃ በተሰላ ቁጥር ስታነብ ማየት ያሳፍራል፤ የማግኔቶሜትር መዝገብ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጠራቀም ኖሯልና። አማተር ሬዲዮን ከሳይንስ መሣሪያነቱ ይልቅ በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ቢሮክራሲም የችግሩ አካል ነው፤ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር በበዛ ቁጥር ስለ ሰማዩ የሚሰበሰበው መረጃ ይበዛል፣ ለዚህም አንድም የመንግሥት በጀት አይጠየቅም።

ኦፕሬተሩ እስከዚያው የሚሠራው አለው። በ14.100፣ 18.110፣ 21.150፣ 24.930 እና 28.200 ሜጋኸርዝ ላይ 18 መለያ ጣቢያዎች በየ3 ደቂቃው ተራ በተራ እንዲያስተላልፉ የተዘረጋ ዓለም አቀፍ የአማተሮች መረብ አለ፤ ከመረቡ ጣቢያዎች መካከል የእስራኤል፣ የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ይገኙበታል። የእያንዳንዱ ምልክት በ100 ዋት ጀምሮ እስከ 0.1 ዋት ስለሚወርድ የትኛው ድረስ እንደተሰማ መመዝገብ ብቻ የመንገዱን ሁኔታ ያሳያል። በ«ኢቲ3» የሚጀምር የጥሪ መለያ ያለው ጣቢያ ሁሉ ይህን በዓለም አቀፍ ሰዓት መዝግቦ ቢያካፍል ከማንኛውም ባለቀለም ሥዕል ይበልጣል።

የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው አንባቢም ከማስተላለፉ በፊት ሦስት ነገር ይፈልግበት፦ ፍላር ነው ወይስ ማዕበል፣ የትኛው ባንድ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ። እነዚህ ከሌሉበት መልእክቱን ለማንም አይላከው።