ፒኤንጂ፦ ፊደላችንን በምስል የተሸከመው
ፒኤንጂ ሲነሳ ብዙ ሰው «ያው የፎቶ ፋይል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት፣ ፋይሉን ሲያሳንስ ከምስሉ ቅንጣት የማያጎድል የፋይል ዓይነት ነው። ለትውውቅ ይህ ይበቃል፤ የኔ ነገር የፊደሉ ጠርዝ ላይ ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር የመጣው በቪስታ ነው፤ ቪስታም ገበያ ላይ የዋለው በ2007 ነው። እስከዚያው ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ፣ ፎንት ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነበር። ስለዚህ እኛ ገጽ ሠሪዎች ርዕሱን በፓወር ግዕዝ ፕሮግራም ጽፈን፣ ምስል አድርገን እንለጥፍ ነበር።

ሌላው የምስል ፋይል ዓይነት ጂአይኤፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጂአይኤፍ አንድ ነጥብ ወይ ይታያል ወይ አይታይም፤ መካከለኛ የለውም። የ«ዐ»ን ክብ ብትሠሩበት ዙሪያው ይሸራረፋል። ፒኤንጂ ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የግልጽነት መጠን ይይዛል። የ«ዐ» ጠርዝ ቀስ በቀስ እየሳሳ ከየትኛውም የጀርባ ቀለም ጋር ይዋሃዳል።

በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ይህን መጠን በወጉ አያሳይም ነበር፤ ግልጽ መሆን ያለበትን ቦታ ግራጫ ይቀባዋል። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ወርቅ ቤት የነበራቸው አንድ አባት የሱቃቸውን ገጽ አይተው «ልጄ፣ ስሜን ለምን አመድ ላይ ጻፍከው?» አሉኝ።

መላው ግሩም ነበር። በምስሉ ቦታ ባለ አንድ ነጥብ ግልጽ ጂአይኤፍ ይቀመጣል፤ ስፋትና ቁመቱ ይጻፋል። ትክክለኛው ፒኤንጂ ደግሞ አልፋ ኢሜጅ ሎደር በሚባለው፣ በራሱ በብራውዘሩ ማጣሪያ በኩል ይጠራል። ይህ ሁሉ የሚጻፈው ኤክስፕሎረር ብቻ በሚያነበው ኮሜንት ውስጥ ስለሆነ ፋየርፎክስን አይነካውም። እየተደጋገመ በሚነጠፍ የጀርባ ምስል ላይ ግን አይሠራም። ያም ሆኖ የአባታችን ስም ከአመዱ ወጣ። በ2006 የመጣው ኤክስፕሎረር 7 ነገሩን ከሥሩ ፈታው።

ዛሬ ተራው ዌብፒ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ነው። አሮጌው ኤክስፕሎረር ጨርሶ አያውቀውም፤ አሮጌ ኮምፒውተር የያዙ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶችም በሱ ይቸገራሉ። እዚህ ላይ ግን የምቆጣው ገጽ ሠሪዎቹን ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከዌብፒ ወደ ጄፔግ ቀይራችሁ «ቀየርኩት» አትበሉ! የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። አዲሱ ብራውዘር የስሙን መጨረሻ ትቶ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ስለሚያይ ይከፍትላችኋል፤ እናንተም የተሳካ ይመስላችኋል። አሮጌው ላይ ግን ምስሉ አይከፈትም። ፋይሉን በምስል ማዘጋጃ ፕሮግራም ከፍታችሁ እንደገና በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጡት።

ገጽ ላይ ከሆነ ፒክቸር የሚባለውን ታግ ተጠቀሙ፦ ዌብፒው ከላይ፣ ፒኤንጂው መጨረሻ ላይ ባለው ኢሜጅ ታግ። ብራውዘር የማያውቀውን ታግ ዘሎ የሚያውቀውን ያነባል፤ አሮጌውም የድርሻውን ያገኛል። አልት የሚለውንም ቦታ ባዶ አትተዉ፤ ምስሉ ባይመጣ እንኳ የሱቁ ስም በአማርኛ ይነበብ። ሥራችሁንም ከማስረከባችሁ በፊት ደንበኛችሁ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት።