የአባባ ጋቢ ባንኮክ ሲታጠብ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አባባን ለልብ ሕክምና ይዤ ባንኮክ ሄድኩ። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ፓስፖርቱን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ በስንት መከራ የተገኘችውን ዶላር አሥር ጊዜ ስቆጥር፣ ልብስ ማጠብ የሚባል ነገር ለአፍታም ትዝ አላለኝም። የያዝነው የአንድ ሳምንት ቅያሪ ነበር። ቆይታችን ሦስት ሳምንት ሆነ።

በሆቴላችን ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የላስቲክ ከረጢትና ቅጽ ተቀምጧል። የቆሸሸውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ፣ ቅጹን ሳላነብ ፈርሜ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠሁ። በማግስቱ ልብሳችን ተተኩሶ፣ ካልሲው ሳይቀር በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። “እንዴት ያለ ደግ ሆቴል ነው!” አልኩ። ደግነቱ ከሒሳቡ ጋር ነበር። አራት ሸሚዝ በ120 ባት፣ ሦስት ሱሪ በ130 ባት፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ በ40 ባት፤ በዚያ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የ10 በመቶ የአገልግሎትና የ7 በመቶ ቫት። በድምሩ 1,165 ባት ከፈልኩ። ለሁለታችን የሁለት ቀን ምግብ ነው። ያ ቅጽ ዋጋውን ሁሉ ዘርዝሮ ይዟል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

እዚያው ሆቴል ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ ከጅማ የመጡ እናት ነበሩ። ነገሩን ሳጫውታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ለካልሲ? ልጄ፣ አዲስ ብትገዢ አይሻልሽም ነበር?” ብለው፣ ከሱኩምቪት ዋና መንገድ ገባ ወዳሉት ቀጫጭን መንገዶች ወሰዱኝ። “ሶይ” ነው የሚሏቸው። በእኛ ሰፈር ሱቅ በየደጁ እንዳለ ሁሉ እዚያም ልብስ አጣቢ በየሶዩ አለ። ደጃፉ ላይ ሚዛን ተቀምጧል፤ ልብሱ በኪሎ ይመዘናል። እኛ የሄድንበት በኪሎ 50 ባት ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ። መተኮስ ከተፈለገ ለብቻው ይከፈላል። ለሦስት ኪሎ 150 ባት ስከፍል፣ በሆቴሉ ሒሳብ የተቃጠለው አንጀቴ ትንሽ ራሰ።

ባለሱቋ ግን ከክምሩ ውስጥ የውስጥ ሱሪዎቹን ለይታ፣ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጅማዋ እናት፣ “አትፈሪ፣ እኔንም መልሳልኛለች” አሉኝ። ታይላንድ ውስጥ ከወገብ በታች የሚለበስ ነገር እንደ ዝቅተኛ ስለሚታይ፣ የውስጥ ልብስን ከሌላው ጋር ደባልቀው የማያጥቡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ማታ ማታ በመታጠቢያ ቤቱ ሳህን እያሸሁ አጠብኩ። ማድረቁ ነው የከበደኝ። ወሩ እዚያም የዝናብ ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ በመሆኑ፣ መታጠቢያ ቤት የተሰጣ ልብስ በሁለተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። መላው ይኸውላችሁ፦ የታጠበውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ በደንብ ተጫኑት። ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ ኤሲው በሚነፍስበት በኩል ስቀሉት፤ ሌሊቱን ደርቆ ያድራል።

ይህን ሁሉ ተምሬ ራሴን እንደ አዋቂ ስቆጥር ነው የጋቢው ነገር የመጣው።

አባባ ከሆስፒታል ሲወጡ የክፍሉን ቅዝቃዜ ስላልቻሉት ጋቢያቸውን ከላያቸው አያወርዱም። ፈትሉን የፈተለችው ነፍሷን ይማርና እናቴ ናት። አንድ ቀን ሾርባ ፈሰሰበት። እኔም ከሌላው ልብስ ጋር ከትቼ ወደ ሶዩ ወሰድኩት። በማግስቱ ተቀበልኩት፤ ነጭ፣ ሙቅ፣ ትራስ የሚያህል ሆኖ ታጥፏል። ክፍላችን ገብቼ ስዘረጋው ርዝመቱ ወደ አንድ ክንድ ቀንሷል።

ይዤው ተመለስኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት። ባለሱቋ ጋቢውን ተቀብላ ጠርዙን ዳሰሰች። አገላበጠችው። አራቱንም ማዕዘን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ የራሷን ቲሸርት ጫፍ ገልብጣ፣ በውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አሳየችኝ፤ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ ክብ። የማድረቂያ ማሽን ምልክት ነው። ክቡ በኤክስ ከተሰረዘ ማሽን ውስጥ አይደረቅም ማለት ነው። የውሃ ሳህኑ የመታጠቢያው ነው፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ሙቀቱ ይጨምራል። ሦስት ማዕዘኑ የበረኪና ነው። እሷ በየቀኑ የምታነበው ይህንን ነው። የእኛ ሸማኔ ደግሞ ምልክት አይሰፋም። ለምን ይሰፋል? ጋቢ እንዴት እንደሚታጠብ የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

የጥጥ ፈትል በእንዝርቱም በሸማኔው እጅም ተስቦ ተወጥሮ ነው ልብስ የሚሆነው። ውሃ ሲነካው፣ ማሽኑ በሙቀት ሲያንከባልለው፣ ውጥረቱ ይለቅና ይሰበሰባል። ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን፣ ሳንጠመዝዝ አልቅልቀን ስለምናሰጣው ይህን አይተን አናውቅም። ስልኬ ላይ መተርጎሚያ ነበር። “ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማድረቂያ አይግባ” ብዬ ባሳያት በቂ ነበር። ከማን ጋር ልጣላ? አመስግኛት ወጣሁ።

አባባ ጋቢውን ለብሰው ጋደም አሉ፤ እግራቸው ውጭ ቀረ። እግራቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። “ወይ ልጄ፣ ነጠላ አደረግሽልኝ” አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እዚያ እስካለን ድረስ ጋቢውን አልጠየቁኝም፤ የሆቴሉን ብርድ ልብስ ነው የለበሱት።

አዲስ አበባ እንደገባን እህቴ ጋቢውን በሳፋ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈችው። እርጥብ እንዳለ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን ግቢው ውስጥ ሳብነው። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው “ቀስ! ቀስ በሉ፣ ድሩ እንዳይበጠስ!” ይሉናል። ሲደርቅ ለካነው። አንድ ስንዝር ተመልሷል።