የጉዳት ዳረጎት፦ በአንድ ጊዜ የሚከፈል፣ ለዓመታት የሚያስፈልግ ገንዘብ

በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ ሕጉ መሠረት የሚያገኘው ክፍያ በሁለት መንገድ ይፈጸማል። ጉዳቱ ለዘለቄታው ሥራ ለመሥራት የማያስችለው ሆኖ ሲገኝ በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል። የጉዳቱ መጠን 10 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ሥራውን ለመቀጠል የሚችል ከሆነ ደግሞ የጉዳት ዳረጎት በአንድ ጊዜ ተጠቃልሎ ይሰጠዋል። አበሉ ከወር ወር ስለሚደርስ ብዙ ጥንቃቄ አይጠይቅም። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዳረጎቱ ነው።

ዳረጎት ተቀባዩ ከመሥሪያ ቤቱ አልተሰናበተም። ደመወዙን እንደወትሮው ይቀበላል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውንም ይከፍላል። በመሆኑም የወር ወጪው በደመወዙ እየተሸፈነ የተገኘው ገንዘብ ለቤተሰቡም ለራሱም እንደ ትርፍ ሊታይ ይችላል። ይህ አመለካከት ግን ዳረጎቱ ከተሰላበት መንገድ ጋር አይጣጣምም።

ስሌቱ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የተደነገገ ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። ሠራተኛው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ተወስዶ በ60 ወራት ይባዛል፤ ውጤቱም በጉዳቱ መጠን በመቶኛ ይባዛል። ለምሳሌ ደመወዙ 10 ሺህ ብር የነበረና የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ የሆነ ሠራተኛ ቢወሰድ፣ የደመወዙ 47 በመቶ 4 ሺህ 700 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 282 ሺህ ብር፣ የዚህም 30 በመቶ 84 ሺህ 600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በአንድ ቀን ሲደርስ የስምንት ወር ከግማሽ ያህል ደመወዝ ስለሆነ ብዙ ይመስላል። ወደ 60 ወራት መልሶ ሲከፋፈል ግን በወር 1 ሺህ 410 ብር ብቻ ነው። ተቀባዩም ገንዘቡን ሕጉ እንዳሰላው በወራት ቆጥሮ ቢያየው ይበጀዋል።

ከጉዳት በኋላ የሚመጣው ወጪ አብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት አይታይም። ሰው ሠራሽ እግር ወይም እጅ በየጥቂት ዓመቱ መጠገንና መለወጥ ይፈልጋል። ቀድሞ በእግሩ ወይም በአውቶቡስ ይሄድ የነበረ ሠራተኛ ለታክሲ ይከፍላል። በቤት ውስጥ ራሱ ይሠራው የነበረውን የጥገና ሥራ ለሌላ ሰው ከፍሎ ያሠራል። የትርፍ ሰዓት ሥራና የመስክ አበል የሚቀሩበትም ጊዜ አለ። ይኸኛው ጉድለት በደመወዝ ወረቀት ላይ እንደ ተቀናሽ ስለማይጻፍ ቶሎ አይስተዋልም፤ የቤቱን በጀት የሚያናጋው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ ዳረጎቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትልቅ ውሳኔ ባይወሰን ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ደመወዝ ከሚገባበት ሒሳብ ተለይቶ በሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በጉዳቱ ምክንያት የተጨመረውና የተቋረጠው ገቢና ወጪ በየወሩ ይመዝገብ። በሕክምናው ወቅት ከጓደኛና ከዘመድ የተወሰደ፣ በተለይም ወለድ የሚቆጠርበት ብድር ካለ ግን ሦስት ወር መጠበቅ አያስፈልገውም። እርሱ አስቀድሞ ይከፈል። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ተወስዶ በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድር አነስተኛ ወለድ ያለው ከሆነ በጊዜው እየተከፈለ ቢቀጥል ጉዳት የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው የዘመድ ጥያቄ ነው። በሕመሙ ጊዜ ያስታመመና ስንቅ ያቀበለ ዘመድ ብድር ሲጠይቅ እምቢ ማለት ያስቸግራል። ባልና ሚስት አስቀድመው ተመካክረው ለእርዳታ የሚውለውን መጠን ቢወስኑ መልሱ የአንድ ሰው ጭካኔ ሳይሆን የቤቱ ውሳኔ ይሆናል።

ገንዘቡን በባንክ ማቆየት ብቻውን ዋጋውን አይጠብቅም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገ ሲሆን፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ግን ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰባቸው ወራት ነበሩ። በ7 በመቶ ወለድ 84 ሺህ 600 ብር በዓመት የሚያስገኘው 5 ሺህ 922 ብር ነው። ስለሆነም የስድስት ወር ተጨማሪ ወጪ የሚሸፍነውን ያህል በቀላሉ በሚወጣበት ሒሳብ አስቀምጦ፣ የቀረውን የተሻለ ወለድ በሚያስገኝ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማድረግ፣ ወይም በቅርቡ መገዛቱ የማይቀረውን የአካል ድጋፍ መሣሪያ ዋጋው ሳይንር መግዛት ያዋጣል።

ባጃጅ ገዝቶ ለሹፌር መስጠት ወይም የሸቀጥ ሱቅ መክፈት ብዙዎች የሚመክሩት መንገድ ነው። ሥራው ሊያተርፍ ይችላል። ሆኖም ባለቤቱ በአካል ተገኝቶ ሊቆጣጠረው የማይችለውን ሥራ በዳረጎቱ ሙሉ ገንዘብ መጀመር፣ የሰው ሠራሽ እግሩ መለወጫ ጊዜ ሲደርስ እጅ ላይ ምንም እንዳይገኝ ያደርጋል።

የሰው ሀብት አስተዳደር የሥራ ክፍሎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ስሌቱ የሚነሣው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ከነበረው ደመወዝ በመሆኑ፣ ፋይሉ ሲዘገይና በመካከሉ ደመወዝ ሲሻሻል ዳረጎቱ አብሮ አያድግም፤ የገበያው ዋጋ ግን ይጨምራል። አደጋው በደረሰበት ሳምንት የተጻፈ ሪፖርት፣ የሕክምና ቦርዱ ማስረጃና የደመወዙ መረጃ ተሟልተው ቶሎ ሲላኩ ሠራተኛው የሚቀበለው ገንዘብ ሊገዛ የሚችለውን ያህል ይገዛል።