የሕሙም ጾምና የማታው ማዕድ፤ ረመዳንና የስኳር ሕመም በሞያሌ

የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን በመካከልዋ የሚያልፍባት ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪውና ቡርጂው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝና ኢትዮጵያ የተዋዋሉት የድንበር ውል ምድሩን ለሁለት መንግሥታት ቢያከፋፍልም፣ ዝምድናውንና ሃይማኖቱን፣ ማዕዱንና ደዌውን ሊያከፋፍል ስላልቻለ፣ የረመዳን ጨረቃ በታየች ቁጥር በኬንያው ወገን ባለው ሰፈርም ሆነ ከኬላው ወዲህ ባለው ሰፈር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የስኳር ሕመም ያለበት ምእመን ይጹም ወይስ አይጹም፣ ቢጾምስ ምን በልቶና መድኃኒቱን በምን ሰዓት ወስዶ ይጹም የሚለው ነው።

ጥያቄው ዘመናትን ቢያስቆጥርም ሕጉ ስለ ሕመምተኛ ዝም ብሎ አያውቅም። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱል በቀራ፣ ጾምን በደነገገበት በዚያው ስፍራ የታመመና መንገድ የሄደ ሰው ያፈረሰውን ቀን በሌላ ጊዜ እንዲከፍል ይፈቅድለታል፤ ደዌው የማይለቅ በመሆኑ ከቶ ሊከፍል የማይችለውም ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድኃ በማብላት ፊድያ እንዲያወጣ ሊቃውንቱ ከዚያው ተነሥተው አስተምረዋል። በጉርብትና ዐቢይ ጾምን የሚጾመው ክርስቲያንም ቢሆን የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ለሕሙማን የሚራራ መሆኑን ያውቃልና፣ ይህ ርኅራኄ ለሁለቱም ወገን እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ እያለ ሕሙማኑ ይጾማሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የሚኖሩ 12,243 የስኳር ሕሙማን ሙስሊሞች በተመረመሩበትና ኤፒዲያር በተባለው ጥናት፣ የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው 43 ከመቶ፣ የሁለተኛው ዓይነት ካለባቸውም 79 ከመቶ የሚሆኑት በወሩ ቢያንስ 15 ቀን መጾማቸው ታውቋል። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ አዛን ሲያፈጥር ለብቻ ምሳ በልቶ መቅረብ ለልብ የሚከብድ ነገር ነውና፣ አባት ከልጆቹ፣ እናትም ከጎረቤቶችዋ ላለመለየት ሲሉ ሕመማቸውን ሰውረው የሚጾሙበት ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ በሥጋችን ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። የበላነው እህል በአንጀት ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ሆኖ ወደ ደም ሲገባ፣ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን እንደ በረኛ ሆኖ ስኳሩን ወደ ሥጋ ሕዋሳት ያስገባዋል፤ የተረፈውንም ጉበት እንደ ጎተራ አከማችቶ በረኃብ ሰዓት ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። በአንደኛው ዓይነት ሕመም ኢንሱሊኑ ከነጭራሹ ስለሚጠፋ፣ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ስለሚያንስ ወይም ሥጋው ስለማይታዘዝለት፣ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። አቡ ዓሊ ኢብን ሲና በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ስለዚህ ደዌና የሕመምተኛው ሽንት ጣፋጭ ስለ መሆኑ የጻፈ ቢሆንም፣ ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተገኝቶ በ1922 መጀመሪያ ላይ ለሰው እስከተሰጠበት ቀን ድረስ የአንደኛው ዓይነት ሕሙም ዕድሜው እጅግ አጭር ነበረ።

በጾም ሰዓት የሚመጣው አደጋ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የስኳር መውረድ ነው፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዐይኑ ይጭበረበራል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ሁለተኛው የስኳር መውጣት ሲሆን፣ በተለይም ኢንሱሊን የሌለው ሰው መርፌውን ከተወ ደሙ በኬቶን ይመረዛል፤ ከዚህም ጋር የውሃ መጉደል ይተባበራል። በዚያው ጥናት ጽኑ የስኳር መውረድ በአንደኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ ከሌላው ወር ይልቅ 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ 7.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሆስፒታል እስከ መተኛት የሚያደርስ የስኳር መውጣትም በሁለተኛው ዓይነት 5 እጥፍ ነበረ።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 በሻርጃ ተሰብስቦ የሕክምና ሊቃውንትን ቃል ከሰማ በኋላ የስኳር ሕሙማንን በአራት ክፍል መድቦ፣ ጾሙ ጽኑ ጉዳት የሚያመጣባቸው የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች እንዳይጾሙ የወሰነው ስለዚህ ነው። የሐኪሞቹም መምሪያ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በቅርብ ወራት ስኳሩ በብርቱ የወረደበት፣ ሲወርድ ምልክቱ የማይሰማው፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ያረገዘች፣ ወይም የአንደኛው ዓይነት ሕመሙ በሚገባ ያልተገታ ሰው እንዳይጾም ይመክራል። ሕመሙ የለዘበ፣ በምግብ ወይም ሜትፎርሚን በተባለው ክኒን ብቻ የሚተዳደር ሰው ግን ከተዘጋጀ መጾም ይችላል።

ለሞያሌ ሰው ስፍራው ራሱ አንድ ቸርነት አድርጎለታል። ከተማይቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደ ኋላ እየተመለሰ ወራቱን ሁሉ ቢዞርም፣ የጾሙ ሰዓት ሁልጊዜ ከ13 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ወራት የሚጾመው ስደተኛ ወንድሙ ግን 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የሞያሌ ፈተና የቀኑ ርዝመት ሳይሆን፣ በተለይ ረመዳን በደረቁ ወራት ሲውል፣ ሙቀቱና የውሃው እጥረት ነው። ስለዚህም ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር፣ ከንጋት በፊት እስከሚበላው ማዕድ፣ ያለውን ሌሊት ከፍሎ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ከምግቡ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ዋናው ነገር ግን የማታው ማዕድ ነው። ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው በአዛኑ ድምፅ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ማንዳዚ፣ ጭማቂና በወተት የተፈላ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ በአንድነት ሲቀርብለት፣ ከዚያም ሩዝ ወይም ፓስታ ሲከተል፣ ከረኃብ ያመለጠው ሥጋ በስኳር ጎርፍ ውስጥ ይወድቃል፤ የብዙ ሕሙማን ስኳር ከቀኑ ይልቅ በማታው የሚበላሸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ልማዱን ሁሉ መሻር ግን አያስፈልግም፤ በአንድ ወይም በሁለት ተምርና በውሃ ያፈጥራል፣ መግሪብ ሰግዶ ሲመለስ ስኳር የሌለበት የአጃ ወይም የምስር ሾርባ ይጠጣል፤ ቀጥሎም ሳህኑን በዐሳብ ከፍሎ ግማሹን በኬንያ ሱኩማ በሚባለው ጎመንና በሌላ አትክልት፣ ሩቡን በባቄላ፣ በምስር፣ በዕንቁላል ወይም ጮማ በሌለው ሥጋ፣ የቀረውን ሩብ ብቻ በኡጋሊ፣ በቻፓቲ፣ በሩዝ ወይም በእንጀራ ይሞላል። የግመል ወተት የለመደ ይጠጣው፤ ሆኖም ወተትም የራሱ ስኳር ስላለው በልክ ይሁን፣ በላዩም ስኳር አይጨመርበት። በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ የዘወትር ቀለብ መሆኑ ቀርቶ አልፎ አልፎ ቢቀመስ ይበቃል።

ሱሁርን መተው ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ከተራዊሕ፣ ከረመዳን የማታ ስግደት፣ በኋላ ጫት፣ በኬንያ አጠራር ሚራ፣ ይዞ የሚያመሽ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ በጣፋጭ ሻይና በለስላሳ መጠጥ ያነጋል፣ በመጨረሻም እንቅልፍ ጥሎት ሱሁሩ ያልፈዋል፤ በዚህ ሁኔታ የሚጀመር ጾም ከቀትር በኋላ ስኳሩ ለመውረድ የተዘጋጀ ነው። ሱሁር በተቻለ መጠን ወደ ንጋት ቀርቦ፣ ቀስ ብሎ በሚፈጭ እህል፣ ለምሳሌ በባቄላ፣ በአጃ ገንፎ ወይም ካልተነፋ ዱቄት በተጋገረ ቂጣ ቢበላ፣ ስንቁ እስከ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። የተራዊሕ ስግደትም ራሱ የሥጋ ድካም ያለበት በመሆኑ እንደ ስፖርት ይቆጠራል፤ ከአሱር በኋላ ከባድ ጭነት መሸከምን ግን ሕመምተኛው ቢተው ይሻላል።

ስለ መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ግሊቤንክላማይድ የተባለው ክኒንና ኢንሱሊን ግን በባዶ ሆድ አደገኞች ናቸው፤ በሌላው ወር በጧት የሚወሰደው ወደ ማፍጠሪያ ይዛወራል፣ የሱሁሩ መጠን ብዙውን ጊዜ ይቀነሳል። ይህንንም ሕመምተኛው በገዛ ግምቱ ሳይሆን ከረመዳን 6 ወይም 8 ሳምንት አስቀድሞ፣ ገና በረጀብ ወር፣ ከሐኪሙ ጋር ይወስነው።

በጾም ላይ ሳሉ ጣትን ወግቶ ደምን መለካት ጾም አያፈርስም፤ ምግብነት የሌለው በቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌም እንደማያፈርስ ሊቃውንቱ ፈርደዋል። ለድንበር ከተማ ሰው ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በኬንያ የሚሸጠው መለኪያ በአብዛኛው በሚሊሞል፣ በኢትዮጵያ የሚሸጠው ደግሞ በሚሊግራም የሚቆጥር ስለሆነ፣ በወዲያ ማዶ 3.9 የሚለው ቁጥር በወዲህ ማዶ 70 ነው፤ የሚሊሞሉን ቁጥር በ18 ማባዛት ወደ ሚሊግራም ይመልሰዋል። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች የወረደ፣ ወይም ከ300 ሚሊግራም፣ ይኸውም ከ16.6 ሚሊሞል በላይ የወጣ ሰው ያንጊዜውን ጾሙን ያፍርስ፤ የወረደበትም ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ደግሞ ይለካ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ላብ ያጠመቃት አንዲት እናት መለኪያዋ 3.5 ቢያሳያት፣ ልጆችዋ እያዩ ያን የስኳር ውሃ መጠጣት እጅግ ይከብዳት ይሆናል። ስለዚህም ኢማሙ በሻዕባን ወር ጁሙዓ፣ ሐኪሙም በምርመራ ክፍሉ፣ ይህን ጉዳይ አስቀድመው በአንድ ቃል ሊነግሯት ይገባል፤ የጾምን ሕግ የሰጠ ጌታ የሕመምተኛንም ፈቃድ በዚያው ቃል ሰጥቷልና፣ ብርጭቆውን ስታነሣ ከትእዛዙ ወጥታ ሳይሆን በትእዛዙ ውስጥ ሆና መሆኑን ልጆችዋም እርስዋም ይወቁ።