ዲግሪ ከመጨበጥ በፊት የአንድ ዓመት አገልግሎት

ዕውቀት ከመጽሐፍ ቢቀሰምም ሥር የሚሰደው በሥራ ሲፈተን ነው። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተመሠረተው በዚሁ እምነት ላይ ነበር። በደንቡ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ትምህርቱን አቋርጦ አንድ የትምህርት ዓመት ማገልገል ግዴታው ሆነ።

አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተመደቡ። ትናንት ተፈታኝ የነበረው ወጣት ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት ሲቆም ፈታኝ ሆኖ ተገኘ። ከተማሪዎቹ መካከል በዕድሜ የሚተካከሉት ነበሩ። አንዱ ልጅ በአጨዳ ወራት ከትምህርት ገበታ ለምን እንደሚቀር ሲጠይቅም፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ገበሬውን ተጭኖት የኖረውን የጭሰኝነት ሥርዓት ከንግግር አልፎ በዓይኑ ተመለከተ።

ምረቃቸው በአንድ ዓመት በመዘግየቱ ቅር የተሰኙ አልታጡም። ቅሬታቸውም መሠረተ ቢስ ነበር ሊባል አይችልም። ይሁንና መምህሩ ካልተገኘ ክፍሉ ያለትምህርት ይውላልና፣ ሥራው እውነተኛ በመሆኑ ዓመቱ በከንቱ አልባከነም።

ዛሬ የምህንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ያህል ወደየድርጅቱ ይሰማራሉ። ወረቀት ከማመላለስ ያለፈ ተግባር ካልተሰጣቸው ግን ጊዜው ቢረዝምም ቢያጥርም ፋይዳ አይኖረውም። ስለሆነም የድርጅት ኃላፊዎች ለሠልጣኙ በውጤቱ የሚጠየቅበትን ሥራ፣ ከጎኑም የሚያርመውን ባለሙያ ሊመድቡለት ይገባል። ኃላፊነት የሚለመደው ኃላፊነትን በመሸከም ነውና።